ስብሰባው ላይ ዝም፣ ሰርቪሱ ላይ ሁሉም ተናጋሪ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ፋብሪካዎች የሠራተኛ ስብሰባ እንዴት እንደሚያልቅ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም። የምርት ኃላፊው የወሩን እቅድ ያነባል፤ የሰው ኃይል አስተዳደሩ ስለ መቅረትና ስለ ማርፈድ ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» ይባላል። አንገት ይደፋል። «እንግዲህ ከሌለ ተስማምተናል» ተብሎ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ሰርቪሱ ከግቢው በር እንደወጣ ግን የሁሉም አፍ ይከፈታል። አዲሱ የፈረቃ ሰዓት ለምን እንደማያዋጣ፣ ማሽኑ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ለምን እንደሚቆም፣ የተገዛው ጥሬ ዕቃ ምን ጉድለት እንዳለበት የማያውቅ የለም፤ መፍትሔው ሳይቀር ይነገራል። ሥራ አስኪያጁ አማካሪ ቀጥሮ የሚፈልገው መልስ በየፌርማታው እየወረደ ወደየቤቱ ይገባል፤ ማለዳ ተመልሶ ሲመጣም እንደገና አፉን ዘግቶ ነው።

ይህንን ዝምታ ብዙ አለቆች ስምምነት ነው ይሉታል፤ አንዳንዶቹም የሥራ ቦታ ሰላም ብለው ይኮሩበታል። የእኔ ክርክር ተቃራኒው ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ትችት አልጎደላቸውም፤ እንዲያውም በትችት የሠለጠኑ ናቸው። የጎደላቸው ውሳኔ ከመጽናቱ በፊት ከበታች ሆኖ «ይህ አይሆንም፣ ምክንያቴም ይህ ነው» የሚል ሰውና ያንን ሰምቶ መልስ የሚሰጥ አለቃ ነው። ትችትንና ተቃውሞን አንድ አድርገን ስለምናይ፣ ተቃውሞ ሲመጣ የግለሰብ ጥላቻ ይመስለናል፤ ትችት ሲዥጎደጎድ ደግሞ ዴሞክራሲ የሰፈነ ይመስለናል።

የሁለቱ መደበላለቅ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን የነበረ ሠራተኛ የውይይት ክበብንና ሂስና ግለ ሂስን ያስታውሳል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ሕወሓት በትጥቅ ትግሉ ጊዜ የተጠቀመበት ግምገማ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባና ከሚኒስቴር እስከ ቀበሌ ተዘረጋ። በመርህ ደረጃ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የበታች ሠራተኛ አለቃውን ፊት ለፊት እንዲናገር መድረክ የሚሰጥ ነበር። በተግባር የሆነውን ግን ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል። በግምገማ የሚፈተሸው ሰው እንጂ ውሳኔ አይደለም። ማን ደካማ ነው፣ ማን ጥገኛ አመለካከት አለው፣ ማን ከመስመር ወጣ ይባላል፤ መስመሩ ራሱ ልክ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ቀጣዩ ተገምጋሚ እርሱ ነው። ብዙ ጊዜም የሚመታው ሰው አስቀድሞ ታውቆ፣ ተናጋሪዎች ተዘጋጅተው ይገቡ ነበር። ከዚያ የወጣ ሠራተኛ የተማረው ትምህርት ቀላል ነው፦ በስብሰባ መናገር አንድም ሰው ማስመታት ነው፣ አንድም ራስን ማስመታት። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ሲጨመርበት ደግሞ ከጎን የተቀመጠው ባልደረባ ጆሮ ጭምር ያስፈራ ጀመር። ዛሬ በግል ፋብሪካ የሚሠራው ወጣት በግምገማ ውስጥ ላያልፍ ይችላል፤ የቀጠረው ኃላፊና ያሳደጉት ወላጆቹ ግን አልፈውበታል። «አፍህን ሰብስብ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም።

ይህንን ልማድ ይሰብራል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ነበር። በጃፓን ድጋፍ በ2002 ዓ.ም. በ30 ኩባንያዎች ሙከራው ተጀምሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የካይዘን ነፍሱ ወለሉ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። በቶዮታ ፋብሪካ አንድ ተራ ሠራተኛ እንከን ካየ ገመድ ስቦ ማስጠንቀቂያ ያሰማል፤ ችግሩ ወዲያው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል፤ በማስቆሙም አይወቀስም። በእኛ አገር ከዚህ ውስጥ የትኛው ተወሰደ? ወለል ላይ የሚቀባው ቢጫ መስመር፣ ዕቃ የሚሰቀልበት ሰሌዳ፣ መጥረጊያና ንጽሕና። ይህም ጥቅም አለው፤ አላጣጥለውም። ገመዱ ግን አልመጣም። በብዙ ቦታ የመጣው በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ነው፤ ቁልፉ የሚቀመጠው አስተያየቱ ስለ እርሱ ሊጻፍ በሚችለው ኃላፊ እጅ ነው። እንዲህ ባለው ሣጥን ውስጥ ከባዶነት ሌላ ነገር ቢገኝ ነበር የሚደንቀው።

ዝምታው ዋጋ አያስከፍልም የሚል ካለ የሠራተኛን ፍልሰት ይመልከት። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በ5 ኩባንያዎች ለሥራ ያመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ሥራውን ካገኙት ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ ዓመቱ ሳያልቅ 77 በመቶው ወጥቶ ነበር። ሥራ አጥነት ባፈጠጠበት አገር ሰው እንዲህ የሚሄደው ደመወዙ ስላነሰ ብቻ ነው ማለት አይበቃም፤ ደመወዙ አነስተኛ መሆኑን ሲገባም ያውቀዋል። ከገባ በኋላ የሚያገኘው አቧራ፣ ሽታ፣ የፈረቃው ሰዓት፣ የሱፐርቫይዘሩ ስድብ ነው፤ ይህንን ለማንሣት ደግሞ በር አያገኝም። ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በአንድ ድርጅት ያልተደሰተ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይናገራል ወይ ይሄዳል። መናገሪያው ሲዘጋ መሄጃው ይጨናነቃል። ሪቻርድ ፍሪማንና ጄምስ ሜዶፍ እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካን መረጃ ይዘው ያሳዩትም ይኸው ነው፤ ሠራተኛው በማኅበር በኩል ድምፅ ባለው ቦታ ሥራ የሚለቀው ሰው ይቀንሳል። አለቆች «ካልተመቸህ በሩ ክፍት ነው» ማለት ይወዳሉ። በእርግጥም ክፍት ነው፤ ስፌት ለመልመድ ሳምንታት የወሰደባት ልጅ ገና እጇ ሲፈታ በዚያው በር ትወጣለች፤ ድርጅቱ ሌላ ጀማሪ ቀጥሮ ከሀ ይጀምራል።

ሌላም የሚታጣ ነገር አለ፤ የሰነበተ ዕውቀት። በእነዚህ ከተሞች ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ በፍጥነት ይለዋወጣሉ። የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን የመንግሥት ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዲያጆ ገዛው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. ወደ ቢጂአይ ተዛወረ። ዓለምገና ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የቱርኮቹ አይካ አዲስ ሺዎችን ቀጥሮ በብዙ ተስፋ ከተጓዘ በኋላ በዕዳ ምክንያት በልማት ባንክ እጅ ወደቀ። ስለነዚህ ድርጅቶች የውስጥ ውይይት ምንም አልልም፤ የምለው ስለ አጠቃላይ ሁኔታው ነው። ሥራ አስኪያጆች እየመጡ ሲሄዱ፣ የትኛው ቧንቧ በክረምት እንደሚዘጋ፣ የትኛው ማሽን ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው የሚያውቁት እዚያው የሰነበቱ ቴክኒሺያኖችና ኦፕሬተሮች ናቸው። አዲስ የመጣ አለቃ በመጀመሪያው ስብሰባ እነርሱን ካሳፈረ፣ የፋብሪካው ትዝታ ተዘጋበት ማለት ነው።

ያልተሰማ ተቃውሞ ገንዘብ ብቻ አያስከፍልም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ የ157 ሰዎችን ሕይወት ይዞ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቦይንግ ለአሜሪካ ምክር ቤት የሰጣቸው የውስጥ መልእክቶች ሲወጡ፣ ሠራተኞቹ አደጋው ከመድረሱ በፊት ስለ አውሮፕላኑና ስለ ማሠልጠኛ ሲሙሌተሩ ምን ይባባሉ እንደነበር ዓለም አየ። አንዱ ሌላውን «በዚህ ሲሙሌተር በሠለጠነ ሰው በሚበር ማክስ ቤተሰብህን ታሳፍራለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ራሱም እንደማያሳፍር ይናገራል። ይህ የተባለው ውሳኔ በሚሰጥበት ክፍል አይደለም፤ እርስ በርስ በሚላላኩት ጽሑፍ ላይ ነው። የቦይንግ ሠራተኞች ያደረጉት፣ በመሠረቱ፣ በሰበታ ሰርቪስ ላይ የሚደረገውን ነው። ድፍረት አግኝቶ ወደ ላይ የጻፈም ነበር። በቦይንግ የሬንተን ፋብሪካ ከኃላፊዎቹ አንዱ የነበረው ኤድ ፒርሰን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በምርት ጥድፊያው ምክንያት መስመሩ ለጊዜው እንዲቆም ለአለቃው ጠይቋል። አልቆመም። የእርሱ ስጋት ከአደጋው መንስኤ ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ ማከራከሩን አልሸሽግም፤ ዋናው የአውሮፕላኑ የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ነበርና። ይሁንና የበለጸገ አገር፣ ከፍተኛ ደመወዝና ትልልቅ ዲግሪ ዝምታን እንደማያስቀሩ ያሳየናል።

ወደ ራሳችን ከተሞች ስንመለስ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ቅርብ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያጣምረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ለውይይት ሲቀርብ፣ በአዳማ በተካሄደ ስብሰባ ላይ ክልሉን ይመራ ከነበረው ከኦሕዴድ ከራሱ የወጡ መካከለኛ አመራሮችና የከተማ ኃላፊዎች ተቃውሟቸውን ፊት ለፊት ተናገሩ። የገበሬው መሬት፣ የክልሉ ሥልጣን፣ የነዋሪው ዕጣ ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። ክርክሩ በክልሉ ቴሌቪዥን እስከ መታየት ደረሰ። በዚያን ዘመን ልማድ ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን እቅድ በአደባባይ ሲሞግት ማን አይቶ ያውቃል! ያንን ክርክር እንደ ነፃ የምክር አገልግሎት ቆጥሮ እቅዱን መልሶ መመርመር ይቻል ነበር። አልሆነም። የተማሪዎች ተቃውሞ ተከተለ፤ በ2008 ዓ.ም. እንደገና ሰፍቶ ተቀጣጠለ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. እቅዱ መሰረዙ ተነገረ። በአዳራሽ ውስጥ በነፃ የቀረበው ምክር ተቀባይ የሚያገኘው በደም ከተከፈለበት በኋላ ከሆነ፣ ችግሩ የተናጋሪ እጥረት እንዳልነበር ግልጽ ነው።

«ይህ ሁሉ ደህና፣ ግን ባህላችን አይደለም» የሚል መልስ ይመጣል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ያልን ሕዝብ ነን፤ ታላቅን መሞገት ነውር ነው ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት። ይኸው ሕዝብ በላ ልበልሃ ብሎ፣ ዋስ ጠርቶና ተወራርዶ፣ በዳኛ ፊት ቆሞ የሚሟገት ነበር፤ አላፊ አግዳሚውን እንኳ «ፍረደን» ብሎ የመንገድ ዳኛ የሚያደርግ ነበር። ነገር አዋቂነት ያስከብር ነበር እንጂ አያስነውርም። ሦስቱ ከተሞች የሚገኙበት የቱለማ ኦሮሞ ምድርም በኦዳ ነቤ ጥላ ሥር ሕግ የተመከረበት ምድር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በ8 ዓመት ከማስረከብ ባሻገር፣ ሸንጎ ተቀምጦ እስኪግባቡ መነጋገርን የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ መከራከር ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ አይደለም። በፋብሪካው አጥር ውስጥ የጠፋው ባህሉ ሳይሆን ደንቡ ነው። በላ ልበልሃ ላይ ተሟጋቹ ማን እንደሚፈርድ፣ መቼ እንደሚናገር፣ በመናገሩ እንደማይቀጣ ያውቅ ነበር። ዛሬ በስብሰባ እጁን የሚያወጣ ሠራተኛ ከነዚህ አንዱንም አያውቅም።

የአምራቾች ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ወደ ውጭ የሚላክ ልብስ የመርከብ ቀን አለው፤ የቢራ ጠርሙስ መስመር በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ክርክር ከተከፈተበት ሥራ አይሠራም ይላሉ። ልክ ናቸው። መስመሩ እየሄደ ሳለ የሚሰጥ ትእዛዝ ይፈጸማል፤ አደጋ ከሌለው በስተቀር። ክርክሩ ግን ስለዚያች ደቂቃ አይደለም። ስለ ፈረቃ ለውጥ፣ ስለ ኮታ፣ ስለ ማሽን ግዢ፣ ስለ ጥገና ጊዜ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በሳምንታት የሚወሰኑ ናቸው። ሥራው ከፋብሪካም ይልቅ የሚያስቸኩል ቦታ፣ ሆስፒታል፣ ያሳየን ነገር አለ። የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን የነርሶችን ቡድኖች ስታጠና፣ ጎበዝ የተባሉት ቡድኖች የበለጠ የመድኃኒት ስህተት መዝግበው አገኘች። መጀመሪያ ግራ አጋባት። ኋላ ሲታይ ጎበዞቹ የበለጠ የሚሳሳቱ ሳይሆኑ ስህተትን ሳይፈሩ የሚያወጡ ነበሩ፤ የሌሎቹ ንጹሕ መዝገብ የፍርሃት መዝገብ ነበር። «እኛ ጋ ቅሬታ የለም» የሚል ሥራ አስኪያጅ ይህንን ቢያስብበት አይጎዳም።

ሦስተኛው መልስ በሹክሹክታ የሚነገረው ነው፦ በእነዚህ ከተሞች ክርክር ቶሎ ሌላ መልክ ይይዛል፣ የሥራ ጉዳይ የብሔር ይሆናል። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ በሰበታ ሳይገን ዲማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቃጠል ሁሉም አይቷል፤ መንስኤው የሠራተኛ ክርክር ሳይሆን የመሬትና የፖለቲካ ቁጣ ቢሆንም። ነገር ግን አንድ ቅሬታ የብሔር ልብስ የሚለብሰው በራሱ ስም የሚቀርብበት ቦታ ሲያጣ ነው። የፈረቃ ጥያቄ እንደ ፈረቃ ጥያቄ ተመዝግቦ፣ ከየትም የመጡ ሠራተኞች በአንድነት የመረጡት ተወካይ ካቀረበው፣ ስሙን ለመለወጥ ምክንያት የለውም። እዚህ ላይ የቋንቋን ነገር መርሳት አይገባም። ሠራተኛው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይናገራል፤ ሥራ አስኪያጁ በቻይንኛ፣ በቱርክኛ ወይም በሂንዲ ያስባል፤ መካከል ላይ የቆመው አስተርጓሚ ደግሞ ደመወዙ የሚከፈለው ከሥራ አስኪያጁ ነው። ሠራተኛው «ይህ ማሽን ሰው ይቆርጣል» ሲል አስተርጓሚው «ስለ ማሽኑ ትንሽ ጥያቄ አላቸው» ብሎ ቢያለዝበው አይፈረድበትም፤ እርሱም እንጀራው ነው። የሚፈረድበት ይህንን እያወቀ ሌላ መንገድ ያላዘጋጀው ድርጅት ነው።

ሕጉ ከብዙ አለቆች ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ፣ የማኅበር አባል ወይም ተወካይ በመሆኑ ሊሰናበት እንደማይችል ይደነግጋል። 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ኢትዮጵያም የመደራጀት መብትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና 98ን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው ያጸደቀችው። ቀዳዳዎች ግን አሉ። በ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ስለሚችል፣ ነገሮችን በአዲስ ዓይን የሚያየው አዲስ ገቢ ከሁሉ በላይ ዝም ይላል። በሕገ ወጥ መንገድ የተባረረውም ቢረታ፣ ፍርድ ቤቱ አብሮ መሥራቱ ችግር ያመጣል ብሎ ካመነ ካሳ ይዞ እንዲሄድ ሊወስን ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ከነጭራሹ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተጠቃለው በ12 ክፍለ ከተሞች ሸገር ከተማ ሲሆኑ፣ የመሬት፣ የገቢና የንግድ ፈቃድ ቢሮዎች ሠራተኞች በአዲስ መዋቅር ውስጥ ገብተዋል፤ ባለጉዳይ ለምን እንደሚጉላላ ከነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ይህንን በጋራ የሚናገሩበት ማኅበር ግን ሕጉ አልሰጣቸውም። ይህ መስተካከል ያለበት ነው።

ሕጉ እስኪስተካከል አሠሪዎች ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ትልቅ ውሳኔ ከመጽናቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ይነገር፤ ተቃውሞ ያለው በተወካዩ በኩል በሚችለው ቋንቋ ያቅርብ፤ መልሱ በጽሑፍ ይሰጥ፣ «አልተቀበልነውም፣ ምክንያቱም» የሚል ቢሆን እንኳ። ሠራተኛ ሐሳቡ ሲወድቅ ይችለዋል፤ የማይችለው ሐሳቡ እንዳልተባለ ሲቆጠር ነው። ከውሳኔ በኋላ ደግሞ የተቃወመውም አብሮ ይሠራል፤ ይህንን መጠየቅ የአሠሪው መብት ነው። ከሁሉ በላይ ሱፐርቫይዘሩ ይሠልጥን። ሥራ አስኪያጁ ያወጣው መልካም ደንብ ሁሉ የሚሞተው ትናንት ኦፕሬተር የነበረውና ዛሬ ፊሽካ የተሰጠው ሰው ጋ ነው። ተቃውሞ ሲሰማ ስልጣኑ የተነካ የሚመስለው፣ መስማት የሥራው አካል እንደሆነ ማንም ስላልነገረው ነው።

በብዙ ፋብሪካ መግቢያ በር ላይ የሚያስቀጡ ጥፋቶች ዝርዝር ከነቅጣታቸው ተለጥፎ ይነበባል። አሠሪዎች ሆይ፣ አንቀጽ 26ንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ ከጎኑ ለጥፉት። ሠራተኞችም 10 ሆናችሁ ማኅበራችሁን አቋቁሙ፤ የማንንም ቸርነት መጠበቅ የለባችሁም፣ ሕጉ ፈቅዶላችኋል።